የውሃ ቤቱ ኮምፒዩተርና የእማማ ትርፌ ተዝካር

እናንተዬ፣ ሰቆጣ ውስጥ «የኮምፒዩተር ባለሙያ ነኝ» ብላችሁ አፋችሁን እንዳትከፍቱ። እኔ ከፍቼ የደረሰብኝን አይቻለሁ። መጀመሪያ የጎረቤት ሬዲዮ መጣ። ቀጥሎ የፀጉር መቁረጫ ማሽን፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጫጩት አልፈለፍል ያለ ሳጥን። ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አልችልም ያልኩ እንደሆነ «ንቆን ነው» ይሉኛል፤ እችላለሁ ብዬ ያበላሸሁ እንደሆነ የሰፈሩ የዓመት ወሬ እሆናለሁ። ሁለቱም ደርሶብኛል። የውሃው ነገር ግን ከሁሉም የባሰ ስለሆነ እሱን ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። ውሃ የሚደርሰን በፈረቃ ነው። ከታች ባለው የውሃ ቤት ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር አለች፤ ማንም ስሙን የማያስታውሰው ፕሮጀክት ነው ተክሏት የሄደው። ሥራዋ የየሰፈሩን መስመር በየተራው መክፈትና መዝጋት ነው፤ የመጨረሻው ተራ የእኛ ነው። ድሮ ደህና ትሠራ ነበር። በኋላ ግን መዘግየት አመጣች። የአንዱን ሰፈር መስመር ልትከፍት ስትል ቆም ትላለች፣ የሌላውን ልትከፍት ስትል ደግሞ ቆም ትላለች፤ የሁሉም መዘግየት ተጠራቅሞ የእኛ ተራ ሲደርስ መብራት ይሄዳል። መብራት ከሄደ ፓምፕ የለም። ፓምፕ ከሌለ እኛም የለንም። ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ቦኖው ፊት ደርድረን ስንጠብቅ እንውልና ባዶውን ይዘን እንመለሳለን። ጀሪካኖቻችን እርስ በርሳቸው ከእኛ በላይ ሳይተዋወቁ አልቀሩም።

ይህም ቢሆን እንደ ልማዳችን አጉረምርመን በቻልነው ነበር። ነገሩ የመጣው ግን ቤታችን ሐዘን በገባበት ሰሞን ነው።

የባለቤቴ የዝናሽ እናት እማማ ትርፌ ከአምደወርቅ በኩል ለሕክምና እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። ሕክምናው አልረዳቸውም፤ እዚሁ አረፉ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር አስከሬናቸውን ወደ አገራቸው መውሰድ ሳይቻል ቀርቶ ሰቆጣ ተቀበሩ። ባላቸው አባ ገብረ ማርያም የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ከቀብሩ ጀምሮ፣ አርባቸው እስኪወጣ፣ እኛው ጋ ተቀመጡ። ጠዋት ዳዊታቸውን ይዘው በር አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። መጽሐፉን ይከፍቱታል፤ ገጹን ሲገልጡ ግን አላይም። ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ፣ ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባምና፣ ገና ሳይቀመጥ «እንግዲህ ይመነኩሳሉ?» ይላቸዋል። ሰው ለማጽናናት ሲመጣ ምን እንደሚነካው አላውቅም። አባ «እሱ ያውቃል» ይሉና ወደ መጽሐፋቸው ይመለሳሉ፤ ወደዚያው ገጽ።

ተዝካሩ ሲቃረብ ዝናሽ አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዝናሽ ማንኪያ ካስቀመጠች ነገር አለ ማለት ነው።

«ጥንስሱ ውሃ ይፈልጋል» አለች። «ወጡ ውሃ ይፈልጋል። ከእናቴ አገር ከደሃና የሚመጣው ሰው እግሩን መታጠብ ይፈልጋል። አንተ ደግሞ ኮምፒዩተር ተማርኩ ትላለህ።»

«የውሃው ኮምፒዩተር የእኔ ሥራ አይደለም እኮ።»

«የዶሮው ሳጥንስ የአንተ ሥራ ነበር?»

አባ አንገታቸውን ሳያቀኑ በቀስታ «ልጄ፣ ከቻልክ ሞክርላት» አሉኝ። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። ለዝናሽ ይሁን ለሟቿ እስካሁን አላውቅም። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

የውሃ ቤቱ ጠባቂም ኦፕሬተርም ጋሼ ኪሮስ ናቸው። ጋሼ ኪሮስ ደግ ሰው ናቸው፤ ተስፋ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ስደርስ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ለኮምፒዩተሯ መጥተህ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሞታለች» አሉኝ። «እስትንፋሷ ነው የቀረው። ገብተህ ተሰናበታት።»

ገባሁ። ጤነኛ ሰው ቢሆን መጀመሪያ አቧራዋን ይጠርጋል፣ ገመዷን ያያል። እኔ አንድ ጊዜ አጥፍቼ አበራኋትና አልሻል ስትል በደስታ እጄን አፋተግሁ። ለምን እንደተደሰትኩ ልንገራችሁ። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒዩተር አንጎል ነው። አንዳንዱ ፕሮሰሰር ታዲያ ሥራ ላይ እያለ የሚሠራውን እግር በእግር ተከታትሎ የሚመዘግብ መሣሪያ ሆዱ ውስጥ አለው። ይኼ መሣሪያ በገዛ ፈቃዱ አይነሳም። አንድ ፕሮግራም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ምዝገባውን ጀምርልኝ»፣ ሲበቃው ደግሞ «አቁምልኝ» ብሎ ጥያቄ ማቅረብ አለበት፤ ይህን ጥያቄ ሲስተም ኮል ይሉታል። እኔ ስለዚህ ነገር ካነበብኩ ቆይቻለሁ። ግን ሰው እንዲህ ያለ ነገር አንብቦ ሰቆጣ ውስጥ ለማን ያወራል? ለዝናሽ አንድ ጊዜ ጀምሬላት እንቅልፍ ወስዷታል። እና ይሄው ዕውቀቴ ሆዴ ውስጥ ሲሻግት ኖሮ፣ አሁን የዘገየች ኮምፒዩተር አገኘሁለት። ለምን እንደዘገየች ከራሷ ከፕሮሰሰሯ አፍ ልሰማ ነው!

ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ጥያቄውን አቀረብኩ። ወዲያው መለሰችልኝ።

«ምን አለችህ?» አሉ ጋሼ ኪሮስ።

«ፈቃድ የለህም አለችኝ።»

«ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?»

«ዋናው ተጠቃሚ ነው። በዋናው የይለፍ ቃል ከገባሁ እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ለራስህ ፍቀድለታ!»

የይለፍ ቃሉ ሳጥኗ ላይ በማርከር ተጽፎ ነበር። ለራሴ ፈቀድኩለት። ምዝገባው ተጀመረ። ጥቂት ቆይቼ ሳቆመው የተመዘገበው መጣልኝ፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ የሚያምር ነገር። ሳነበው እዚያው ቁጭ ብዬ ልቤ ዘለለ። ፕሮሰሰሯ አንድ ባዶ ሥራ እየደጋገመች ትዞራለች፤ ሌላ ምንም አትሠራም። በሽታው ተገኘ! ለጋሼ ኪሮስ አሳየኋቸው። በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ደስ ያላቸው አይመስልም ነበር።

ዳገቱን ስወጣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አቁሜ ነገርኩ። ቦኖው ጋ ለተሰለፉት ሴቶች ሳይቀር፣ ጀሪካን ላይ ወጥቼ ማለት ይቻላል፣ በሽታዋ መታወቁን አበሰርኩ። አንዷ «አፌ ቁርጥ ይበልልህ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ቤት ስደርስ ለአባም ነገርኳቸው። «ተመስገን» አሉ።

ማታ እንጀራዬን እየቆረስኩ ነው የገባኝ። እጄ አፌ ሳይደርስ ቀረ። ያ ሲስተም ኮል የሚያስመዘግበው የጠራውን ፕሮግራም ሥራ ብቻ ነው። የጠራሁት ደግሞ ከራሴ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የእኔ ፕሮግራም ምንም ሥራ የለውም፤ ምዝገባው እስኪያበቃ ባዶውን ሲዞር ይቆያል። ያ ሁሉ ያማረ ጽሑፍ የውሃውን ፕሮግራም በዓይኑም አላየውም። እንደዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ያበሰርኩት በሽታ የራሴ ነበር።

«ምነው፣ ጨው በዛው?» አለች ዝናሽ።

«የለም፣ ደህና ነው» አልኩ።

እዚህ ላይ አፍሬ ብተወው ኖሮ ሰው እባል ነበር። ግን አንዴ አበስሬያለሁ። በማግሥቱ ቦኖው ጋ ሳልፍ ጉንጬን የሳመችኝ ሴትዮ በጥርጣሬ ስታየኝ ምን ልሁን? ተመልሼ ወረድኩ። የውሃው ፕሮግራም ጽሑፍ እዚያው ኮምፒዩተሯ ውስጥ ነበር። ከፈትኩት። «ጀምር» የሚለውን ጥሪ ከመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «አቁም» የሚለውን ከመጨረሻው መስመር ላይ ጨመርኩና አስነሳሁት። አሁን በትክክል ራሱን ያስመዘግባል። ለጋሼ ኪሮስ «ነገ መጥቼ አየዋለሁ፣ አይንኩብኝ» አልኳቸው።

«እኔ ሬሳ አልነካም» አሉኝ።

የማግሥቱ ቀን የተዝካሩ ዋዜማ ነበር። ከደሃና የሚመጡት ዘመዶች ሚኒባሳቸው ገና ምሳ ሳይደርስ አውርዷቸዋል፤ ግቢው በነጠላ ተሞልቷል። ዝናሽ ከባዶ በርሜል አጠገብ ቆማ ወደ መንገድ ታያለች። በዚህ መሐል ጎረቤታችን ወይዘሮ አልጋነሽ እየሮጡ ገቡ።

«የታችኞቹ ምንጣፍ እያጠቡ ነው!» ብለው ጮኹ። «ምንጣፍ! በጎማ!»

ወረድኩ። እውነትም የታችኛው ሰፈር መንገድ ወንዝ ሆኗል። ሴቶቹ ምንጣፉን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን አውጥተው ያጥባሉ። አንድ ሰው አጥቦ የጨረሰውን ባጃጅ እንደገና ሲያጥብ አየሁት። ሌላው ደግሞ አጥሩን ያጠጣ ነበር፤ የቆርቆሮ አጥሩን። «ምን ዓይነት ተአምር ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ በጎን አልፌ ወደ ውሃ ቤቱ ገባሁ።

ተአምሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። «አቁም» የሚለውን የጻፍኩት ከመጨረሻው መስመር ላይ ነው ብያችኋለሁ። የውሃ ፕሮግራም ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ የሁሉንም ተራ ሲያዳርስ ተመልሶ ከላይ ይጀምራል እንጂ እዚያች የመጨረሻ መስመር ላይ ደርሶ አያውቅም። ስለዚህ ምዝገባው ተጀመረ እንጂ አልቆመም። ሲመዘገብ፣ ሲመዘገብ የኮምፒዩተሯ ማስቀመጫ ጢም አለ፤ የሚጽፍበት ያጣው ፕሮግራም ወደቀ። የታችኛው ሰፈር መስመር ተከፍቶ ሳለ ነበር የወደቀው። የሚዘጋው ስላልነበረ ታንከሩ እስኪደርቅ ድረስ ሁሉም ለእነሱ ፈሰሰ።

ጋሼ ኪሮስ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘዋል።

«አሁን ነው በእውነት የሞተችው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ አንድ ዓይነት እርካታ ነበር። «እስከ ትናንት እንኳ ታቃስት ነበር።»

ምዝገባውን ሰርዤ፣ ጥሪዎቼን አውጥቼ፣ ፕሮግራሙን እንደነበረው አስነሳሁት። ግን ምን ዋጋ አለው? ታንከሩ ባዶ ነው፤ ወዲያውም መብራት ሄደ። ዳገቱን ስወጣ ወሬው ቀድሞኝ ወጥቷል። ቦኖው ጋ የተሰለፈው ሕዝብ ዝም ብሎ አሳለፈኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ግቢ ስገባ ዝናሽ ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችብኝም። ማልቀሷንም ለእናቷ ይሁን ለውሃው መለየት አልቻልኩም። ከደሃና የመጡት ዘመዶች አቧራቸውን ሳያራግፉ ከየጎረቤቱ ጀሪካን ለቃቅመው ተነሱ። ከሰፈሩ ጀርባ፣ ቁልቁለቱን ወርደው የሚያገኙት ምንጭ አለ። እኔም ሁለት ይዤ ተከተልኳቸው። ለተዝካር የመጣ እንግዳ በዋዜማው ውሃ ሲቀዳ ታያላችሁ? እኔ አየሁ። ያውም ለኮምፒዩተር ባለሙያ አማች።

ከምንጩ ስንመለስ ዳገቱ ወገብ ላይ ነጭ ጥምጥም አየሁ። አባ ናቸው። መቼ እንደወረዱ ያየ የለም። ቢጫ ጀሪካን በገመድ ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ትንሽ ሄደው ይቆማሉ፣ ትንሽ ሄደው ይቆማሉ። የእኔን ሁለቱን አስቀምጬ ሮጥኩ።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይስጡኝ በእግዚአብሔር!»

«ተወኝ ልጄ።»

«ሰው ምን ይለኛል? ቄስ ውሃ አሸክሞ…»

«ሰው የሚለውን ይበል» አሉ። ቆመው ተነፈሱ። ውሃው ከክዳኑ እያመለጠ ጀርባቸውን አርሶታል። «ትርፌ ዕድሜዋን ሙሉ ቀድታልኛለች። ደብሩ አፋፍ ላይ ነው፤ ወንዙ እዚያ ታች ነው። አንድ ቀን እንኳ ገመዱን ተቀብያት አላውቅም። ዛሬ ለእሷ ነው የምቀዳው፤ አትንካብኝ።»

ጀሪካኖቼን አንስቼ ከኋላቸው ሄድኩ። ሲቆሙ እቆማለሁ፣ ሲሄዱ እሄዳለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም።

ተዝካሩ ወጣ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ካህናቱ በሉ፤ ነዳያን በሉ። ወጡ ደህና ነበር። ጠላው ግን ውሃ ሲጠብቅ ጊዜው አልፎበት በችኮላ የተጠለለ ስለነበር ምን አለፋችሁ፣ ጠላ ለመባል ድፍረት ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው በውስጡ አሻግረው እኔን አዩኝ። ጥርት ብዬ ሳልታያቸው አልቀረሁም።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አባ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። «ወደ ማሽንህ የምትሄድ ከሆነ ልከተልህ» አሉኝ። እኔ ልሄድ አላሰብኩም ነበር፤ ነገር ግን መውጫ እንደፈለጉ ገባኝና «አዎ፣ ልሄድ ነበር» አልኳቸው። አብረን ወረድን። ጋሼ ኪሮስ አባን ሲያዩ ተነስተው መስቀል ተሳለሙና ወንበራቸውን ለቀቁላቸው።

በዚህ ጊዜ ግን ያለ ትምክህት ሠራሁ። «ጀምር» የሚለውን ጥሪ የአንድ ሰፈር መስመር ከመከፈቱ በፊት፣ «አቁም» የሚለውን እንደተከፈተ አስገባሁ። አንድ ተራ ብቻ። ፕሮግራሙ ወደዚያ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆም አለ። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ተከፈተ። የተመዘገበውን ስከፍተው ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። አሁንም የተሳሳትኩ መሰለኝ። ያ ሁሉ ጊዜ አልፎ ፕሮሰሰሯ የሠራችው ኢምንት ነው። ደጋግሜ ሳየው ግን ልክ ነበር። ፕሮግራሙ መቆሙ ሥራ በዝቶበት አልነበረም። ከመቆሙ በፊት የሠራት የመጨረሻዋ ሥራ በየተራው አንድ ነች፤ ሩቅ አገር ያለ አንድ ኮምፒዩተር ጋ «ሰዓት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ። የተከሉት ሰዎች ሰዓቱ እንዳይዛባ ብለው ነው ያደረጉት። ያ ሩቅ ያለው ግን፣ ኔትወርኩ ይቆረጥ ወይ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይዘጋ፣ መመለስ ትቷል።

«አገኘኸው?» አሉ አባ።

«አገኘሁት መሰለኝ። ሥራ በዝቶበት አይደለም አባ። አንድ የማይመልስ አለ፣ እሱን እየጠራ ነው የሚቆመው።»

«የማይመልሰው ለምንድን ነው?»

«የለማ።»

«እሱ ግን ይጠራዋል?»

«መስመር ሊከፍት ባለ ቁጥር። ይጠራል፣ ይጠብቃል፣ ሲሰለቸው ወደ ሥራው ይሄዳል። እንደገና ደግሞ ይጠራል።»

አባ ኮምፒዩተሯን አዩዋት። ከቀብሩ ጀምሮ እንዲህ ትኩር ብለው ያዩት ነገር የለም።

«አሁን ምን ታደርገዋለህ?»

«መጥራቱን ይተዋል። የራሱ ሰዓት አለው፤ በእሱ እንዲሠራ አደርገዋለሁ።»

«ይቻላል?»

«አንድ መስመር መሰረዝ ነው አባ።»

«አንድ መስመር» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

ሰረዝኩት። የሚቀጥለው ሰፈር መስመር ወዲያው ተከፈተ፤ የሚቀጥለውም። ጋሼ ኪሮስ ቧንቧው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆዩና «ትንሳኤዋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ግን ያስታውቅ ነበር። መብራት ሳይሄድ ውሃ ዳገቱን ወጣ። ሰፈሩ ቀዳ፣ አጠበ፣ ጠጣ፤ አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ታንከሩን ያፈሰስኩበትን ቀን እንጂ ያቃናሁበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልተፈጠረም። ወይዘሮ አልጋነሽ እስከ ዛሬ ድረስ የማንም ቧንቧ ሳይዘጋ ሲፈስ ካዩ «የዝናሽ ባል መጥቶ ነበር እንዴ?» ይላሉ።

አባ ኮምፒዩተሯ በተቃናች ማግሥት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሱ። ዝናሽ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው። «ከእኛ ጋር ይቆዩ አባ፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ማን አለልዎ?»

«ደብሩ አለ» አሉ። «ቀዳሽ የለውም። ደግሞም ቤቱን እሷ የዘጋችው እንደምትመለስ ሰው ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

መናኸሪያ ሸኘናቸው። የአምደወርቁ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ መስኮቱ ስር ቆምን። ሲነሳ አባ እጃቸውን አውጥተው የዝናሽን ራስ ነኩ።

«ደውሉልኝ» አሉ።

«እዚያ ኔትወርክ የለም እኮ አባ» አልኩ እኔ፣ ባለሙያው።

«ባይኖርም ደውሉ።»

ዝናሽ በየማታው ትደውላለች። ስልኩ ውስጥ የተቀዳችው ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ሊቀበሉ አይችሉም» ትላታለች፤ በአማርኛ ትጨርስና በእንግሊዝኛ ትደግመዋለች። ዝናሽ እስከ መጨረሻው ታዳምጣታለች። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ትንሽ ቆይታ እንደገና ታነሳዋለች። እኔም ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ዘግቼ፣ አብሬያት አዳምጣለሁ።